«አማርኛ አይሠራም» የሚለው ጥያቄ ለምን መልስ አያገኝም?

ዛሬ የምጽፈው ስለ አዲስ ስልክ ወይም ስለ አዲስ አፕ አይደለም። የዴስክቶፕ ፕሮግራም ስትሠሩ ጽሑፉ ሲበላሽ፣ ከርሰሩ ሲዘል፣ በተኑ ላይ ያለው ቃል ሲቆረጥ፣ የሚረዳችሁ ሰው የምታገኙት እንዴት አድርጋችሁ ስትጠይቁ ነው የሚለውን ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ሁለት ሳምንት ሙሉ የማይረባ ጥያቄ ስጠይቅ ከርሜ ነው። ስለዚህ ታሪኩን ከነጥፋቴ እነግራችኋለሁ።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። እዚህ ሳን ሊያንድሮና ኦክላንድ አካባቢ የምንኖር ሰዎች የተሰባሰብንበት አንድ እድር አለ። መዝገቡ ለዓመታት በደብተር ነበር። ገንዘብ ያዧ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው እናት ናቸው። አንድ እሑድ ኦክላንድ፣ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ተሰብስበን ሳለ ደብተሩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና «ልጄ፣ አንተ የኮምፒውተር ሰው ነህ። እስቲ ይሄን ነገር አንድ አድርገው» አሉኝ። እምቢ አይባልም።

በሲ ሻርፕ፣ በዊንዶውስ ፎርምስ፣ በሁለት ቅዳሜ ጻፍኩት። ስም፣ ስልክ፣ የወር መዋጮ፣ የቤተሰብ ዝርዝር፣ ከላይ ደግሞ መፈለጊያ ሳጥን። በተለይ የኮራሁበት አንድ ነገር ነበረ። እንደምታውቁት የእኛ ስም በድምፅ አንድ ሆኖ በጽሕፈት ብዙ ነው። ፍሥሐ የሚለውን ስም ውሰዱ። መሐሉ በንጉሡ ሠ ወይም በእሳቱ ሰ ይጻፋል፤ መጨረሻው ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊሆን ይችላል። ሁለት ጊዜ ስድስት 12 አጻጻፍ ነው። አንዱ በአንዱ ፊደል መዝግቦ ሌላው በሌላው ቢፈልግ አይገናኙም። ስለዚህ ሰው ሲጽፍ እዚያው በዚያው ሠን ወደ ሰ፣ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚለውጥ ትንሽ ኮድ ጻፍኩና በመፈለጊያውም በስም መመዝገቢያውም ሳጥን ላይ አደረግኩት። ጎበዝ ነኝ ብዬ ላፕቶፔን ዘጋሁ።

በሳምንቱ እትዬ ደወሉ። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ስም ይገለብጣል።»

«የትኛውን ስም?»

«አንዳንዱን።»

ፕሮግራም የምትጽፉ ሰዎች «አንዳንዱን» የምትለዋ ቃል ምን ያህል እንደምታስጨንቅ ታውቃላችሁ። ሁልጊዜ የሚበላሽ ነገር ይገኛል፤ አንዳንዴ የሚበላሽ ግን እንቅልፍ ይነሳል። እኔ ቤት ስሞክረው ደግሞ ይሠራል። የራሴን ስም ጻፍኩ፣ የእኅቴን ጻፍኩ፣ ደህና ነው።

ያኔ ያደረግኩት ብዙዎቻችሁ የምታደርጉትን ነው። ዴስክቶፕ ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎች ወዳሉበት ሄጄ በእንግሊዝኛ «አማርኛ በቴክስት ቦክሴ ውስጥ በትክክል አይሠራም፤ እባካችሁ እርዱኝ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥር የፕሮግራሙን ኮድ በሙሉ፣ 600 መስመር ገደማ፣ ለጠፍኩ። አንዱ «የአማርኛ ፎንት ጫን» አለኝ። ሌላው «ኢንኮዲንጉን ወደ ዩቲኤፍ ኤይት ቀይር» አለኝ። ከዚያ ዝምታ። በሦስተኛው ቀን በሌላ ቦታ ያንኑ ጥያቄ ደገምኩ። የባሰ ዝምታ።

ያኔ ተቀይሜ ነበር። «የእኛ ቋንቋ ስለሆነ ነው፤ ጃፓንኛ ቢሆን ይሯሯጡ ነበር» አልኩ። አሁን ያንን ጥያቄ መልሼ ሳነበው ራሴም አልመልሰውም። አማርኛ የሚለውን ቃል የሚያይ የውጭ ሰው ፊደሉን ማንበብ አይችልም፤ ኪቦርዱ የለውም፤ ትክክሉንና ስህተቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጡለት ልዩነቱ አይታየውም። «አይሠራም» ስትሉት የሚያውቀውን የመጀመሪያውን ነገር ይነግራችኋል፤ እሱም ፎንት ነው። ሰውየው ክፉ አይደለም። ምልክቱን ያልነገራችሁት ሐኪም ነው።

ስለዚህ ከመጠየቃችሁ በፊት ምልክቱን ራሳችሁ ለዩ። በስክሪን ላይ የአማርኛ ጽሑፍ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት መልኮች አንዱን ይይዛል፤ አራቱም የተለያየ በሽታ ናቸው።

ባዶ ሳጥን ካያችሁ ጉዳዩ የፎንት ነው። ፊደሉ ጤነኛ ነው፤ የሚለብሰው ልብስ ነው ያጣው። ጽሑፉን ኮፒ አድርጋችሁ አማርኛ በትክክል በሚያሳይ ሌላ ፕሮግራም ላይ ለጥፉት፤ እዚያ ከታየ መረጃው አልተነካም ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ዊንዶውስ ቪስታ እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ሲቀርብ ኒያላ የሚባለውን የአማርኛ ፎንት ይዞ ስለመጣ ብዙዎቻችን «ኒያላ» የሚለውን ስም በኮዳችን ውስጥ በቀጥታ ጻፍነው። በዊንዶውስ 10 ግን ኒያላ ተጠቃሚው ሲፈልግ የሚጨመር ሆነ፤ አማርኛውን በነባሪነት የሚያሳየው ኤብሪማ ነው። እናንተ ጋ ኒያላ አለ፣ ደንበኛው ጋ የለም። ሌላ ፎንት ይተካና የፊደሉ ስፋት ይለወጣል፤ በተኑ ላይ «መዝግብ» የነበረው «መዝግ» ሆኖ ይቆረጣል። ይህን «አማርኛ ይቆረጣል» ብላችሁ ብትጠይቁ መልስ አታገኙም። ጥያቄው «ፎንት ሲተካ የበተኑ ስፋት ከጽሑፉ ጋር እንዲሄድ ምን ላድርግ?» ነው፤ ጀርመንኛ የሚጽፍ ሰውም ያውቀዋል፤ የነሱም ቃል ረጅም ነውና።

የጥያቄ ምልክት በተርታ ተደርድሮ ካያችሁ ግን ፊደሉ ሞቷል። በመንገድ ላይ አማርኛን የማያውቅ ኢንኮዲንግ አግኝቶት፣ ቦታ ስላጣለት በጥያቄ ምልክት ተክቶታል። ፎንት ብትጭኑ አይነሳም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ዳታቤዙ ጋ ነው፤ በኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ዓምዱን ኤንቫርቻር ማድረግ ሲገባ ቫርቻር ማድረግ፣ ወይም ከጽሑፉ በፊት የምትገባዋን የኤን ፊደል መርሳት።

ሦስተኛው፣ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ሦስት እንግዳ ምልክት ሆኖ ሲወጣና ሦስቱ ሁልጊዜ ራሷ ላይ ጭረት ባለባት የላቲን ኤይ ሲጀምሩ ነው። የዘወትር የአማርኛ ፊደሎች በዩቲኤፍ ኤይት ሦስት ባይት ይይዛሉ፤ የመጀመሪያው ባይት ለሁሉም አንድ ነው። አንባቢው ያንን እንደ አሮጌ የምዕራብ አውሮፓ ኢንኮዲንግ ሲያነበው ይህ ይሆናል። ፊደሉ በሕይወት አለ፤ የተሳሳተው አነባበቡ ነው።

አራተኛው በተለይ አሮጌ የቢሮ ሰነድ ላይ የምታገኙት ነው። ጽሑፉ አማርኛ ይመስላል፤ ፎንቱን ስትቀይሩት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከመግባቱ በፊት የነበሩ ሶፍትዌሮች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደሎች ቁጥር ላይ እየሳሉ ነበር የሚሠሩት። ሰነዱ ከውስጥ ላቲን ነው፤ መለወጫ ፕሮግራም ያስፈልገዋል።

የእኔ ችግር ግን ከአራቱ አንዱም አልነበረም። ፊደሎቹ ሁሉ ይታያሉ፣ ሁሉም ጤነኛ ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸው ብቻ ነው የተዘበራረቀው። ይህን ባውቅ ኖሮ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መልሶች ገና ሳይመጡ እዘጋቸው ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት እትዬ ቤት ሄድኩ። አጠገባቸው ተቀምጬ ሲጽፉ አየሁ። ይህን በመጀመሪያው ቀን ማድረግ ነበረብኝ፤ ለማላውቃቸው ሰዎች ሁለት ጊዜ ጽፌ፣ ችግሩ የደረሰባቸውን ሰው አንድ ጊዜ እንኳ በወጉ አልጠየቅኩም። ቡናው እስኪፈላ አሥር ስም ያህል ጻፉ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው «እኔ እንደሚመስለኝ በንጉሡ ሠ የሚጻፉትን ነው የሚገለብጠው። በእሳቱ ሰ ስጽፍ ዝም ይላል» አሉ። ቄስ ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው፤ ሁለቱን ፊደል አያምታቱም። እኔ ግን ሁሉንም በእሳቱ ሰ ነው የምጽፈው። ለዚህ ነው እኔ ጋ የሚሠራው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ያገኘሁት የመጀመሪያው እውነተኛ እርዳታ ይህ ነበር። «አንዳንዱ» ስም አገኘ።

አሁን ነገሩ እንዴት እንደሚሆን እንይ። እትዬ የሚጠቀሙበት ኪቦርድ በድምፅ የሚጻፍበት ዓይነት ነው። ኤስን ስትጫኑ ስ ይወጣል። ቀጥላችሁ ኢን ስትጫኑ ኪቦርዱ ያንን ስ ሰርዞ በቦታው ሰን ያስገባል። ማለትም አንድ የአማርኛ ፊደል ለመጻፍ መጻፍ ብቻ ሳይሆን ከከርሰሩ በስተኋላ ያለውን መሰረዝም አለ። ኤስን ሁለት ጊዜ መጫን ደግሞ ስን ወደ ሥ ይለውጣል። የእኔ ኮድ የተንጠለጠለው ጽሑፉ በተለወጠ ቁጥር በሚጠራው፣ ቴክስት ቼንጅድ በሚባለው ኢቨንት ላይ ነው። ሠናይት ተብሎ ሲጻፍ የሆነው ይኸውላችሁ፦

ኤስ፦ ሳጥኑ ውስጥ ስ አለ። የሚለወጥ ነገር የለም።
ኤስ እንደገና፦ ኪቦርዱ ሥ አደረገው። ኮዴ ወደ ስ መለሰውና ጽሑፉን እንደገና ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠ። በዚህ ጊዜ ከርሰሩ ወደ መጀመሪያው ቦታ ሄደ።
ኢ፦ ኪቦርዱ የቀደመውን ሰርዞ ሠን ሊያስገባ ፈለገ። ከከርሰሩ በስተኋላ ምንም ስለሌለ የሚሰርዘው አጣ። ሠን ግን ፊት ላይ አስገባ፤ ኮዴ ሰ አደረገው። አሁን ሰስ አለ፣ ከርሰሩም እንደገና መጀመሪያው ላይ ነው።
ኤን፣ ኤይ፦ ናሰስ።
ዋይ፣ ቲ፦ ናይትሰስ።

ሠናይት ብለው ጽፈው ናይትሰስ። ሰናይት ብለው ሲጽፉ ግን ኮዴ የሚለውጠው ስለሌለ ሁሉም ሰላም ነው።

እንዲህ በዝርዝር የምነግራችሁ አሁን ስለማውቀው ነው። የዚያን ቀን የማውቀው ንጉሡ ሠ ላይ እንደሚበላሽ ብቻ ነበር። ማታ ቤቴ ገባሁና 600ውን መስመር መቁረጥ ጀመርኩ። ዳታቤዙን አወጣሁ፤ ችግሩ አለ። ስልኩን፣ መዋጮውን፣ ዝርዝሩን አወጣሁ፤ አሁንም አለ። መጨረሻ ላይ አንድ መስኮት፣ አንድ ሳጥን፣ አንድ የመለወጫ ኮድ ቀረ። 20 መስመር አይሞላም። እንግዲህ ይህን ለማያውቅ ሰው ላሳይ ስል አንድ ነገር ገጠመኝ፦ የሚረዳኝ ሰው የአማርኛ ኪቦርድ የለውም። እንዴት ያየዋል?

ስለዚህ ለሱ ብዬ አማርኛውን አወጣሁት። ሠን ወደ ሰ በመለወጥ ፈንታ የላቲኑን ሲ ወደ ኬ የሚለውጥ አደረግኩት። ኤይ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ብዬ ስጽፍ ዲ፣ ኤይ፣ ቢ፣ ኬ ወጣ።

ለጥቂት ጊዜ ስክሪኑን እያየሁ ተቀመጥኩ። ችግሩ የአማርኛ አልነበረም። ከመጀመሪያውም የአማርኛ አልነበረም። አማርኛው ችግሩ የታየበት መስኮት ብቻ ነበር። ሁለት ሳምንት «አማርኛ አይሠራም» እያልኩ ስጮህ፣ መልሱን የሚያውቁት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች «አማርኛ አላውቅም» ብለው እያለፉኝ ነበር።

ያን ሌሊት የጻፍኩት ጥያቄ ወደ አማርኛ ሲመለስ ይህን ይመስላል፦

«ዊንዶውስ ፎርምስ፣ ዶትኔት ፍሬምዎርክ 4.7፣ ዊንዶውስ 10። በቴክስት ቼንጅድ ኢቨንት ውስጥ የቴክስት ቦክሱን ጽሑፍ ስለውጥ ከርሰሩ ወደ መጀመሪያ ይሄዳል። ከታች ያለውን 18 መስመር ኮድ አስኪዱና ኤይ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ብላችሁ ጻፉ። የምጠብቀው ኤይ፣ ቢ፣ ኬ፣ ዲ ነው፤ የማገኘው ዲ፣ ኤይ፣ ቢ፣ ኬ ነው። በእውነተኛው ፕሮግራሜ የምለውጠው አንድ ድምፅ ያላቸውን ሁለት የአማርኛ ፊደሎች ነው፤ የዩኒኮድ ቁጥር 1220ን ወደ 1230። ሰው በማንኛውም አጻጻፍ ቢፈልግ ስሙን እንዲያገኝ ነው የማደርገው።»

መልሱ ሰዓት አልሞላውም።

ይህን ጥያቄ ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩት። የእንግሊዝኛው ጥራት አይደለም ልዩነቱ፤ ሁለቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። መላሹ ኮዱን ገልብጦ በራሱ ማሽን ላይ ማስኬድ ይችላል። ምን እንደሚጫን፣ ምን እንደሚጠበቅ፣ ምን እንደሚወጣ ያውቃል። ፊደሎቹን ማንበብ ባይችልም በቁጥር ነግሬዋለሁ። (ይህን ልማድ አድርጉት። ሠና ሰ ለፈረንጅ ዓይን ሁለት ሥዕል ናቸው፤ 1220ና 1230 ግን ለማንም ፕሮግራመር ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። በኮድ ውስጥም ፊደሉን ከመለጠፍ ይልቅ ቁጥሩን በዩኒኮድ ማምለጫ ብትጽፉት በመንገድ ላይ አይበላሽም።) ከሁሉ በላይ ደግሞ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር አለች፤ ለምን እንደማደርገው የምትለዋ። እሷን ልተዋት ትንሽ ነበር የቀረኝ።

መልሱ ሁለት ክፍል ነበረው። የመጀመሪያው የጠበቅኩት ነው፦ የአንድን ቴክስት ቦክስ ጽሑፍ በኮድ ስታስቀምጥ ከርሰሩ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ከመለወጥህ በፊት ሴሌክሽን ስታርት የሚባለውን ቁጥር ያዝ፣ ከለወጥክ በኋላ መልሰው። ሁለት መስመር። የዊንዶውስ ፎርምስ ኮድ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ለሕዝብ ክፍት ስለተደረገ በኋላ ገብቼ አነበብኩት፤ አዲሱ ጽሑፍ ካለው ጋር አንድ ከሆነ ምንም ሳያደርግ ይመለሳል። ሰናይት የተረፈችው በዚህ ነው። ጊዜ ካላችሁ እንዲህ ያለውን ምንጭ ኮድ ማንበብ ልመዱ፤ መጀመሪያ ያስፈራል እንጂ ከሰው የበለጠ ታጋሽ መምህር ነው።

ሁለተኛው ክፍል ግን አልጠበቅኩትም። እንዲህ ነበር የሚለው፦ «ለመፈለጊያ ከሆነ የጻፈውን ለምን ትለውጥበታለህ? ሰውየው የጻፈውን እንደጻፈው አስቀምጥ። ለፍለጋ የሚሆነውን የተለወጠውን ቅጂ በሌላ ዓምድ ያዝ፤ ለማንም አታሳየው።»

ይህን ያለኝ አማርኛ የማያነብ፣ የማላውቀው ሰው ነው። እኔ አማርኛ ተናጋሪው አላሰብኩትም። ሳስበው ደግሞ ሆዴ ባባ። ምክንያቱም እትዬ ስሙ ሲገለበጥባቸው መላ ፈልገው ነበር፤ ንጉሡን ትተው በእሳቱ ይጽፉት ጀምረዋል። የኔ ኮድም ቢሆን የተጻፈውን ሁሉ እየለወጠ ነው የሚያስቀምጠው። በሁለት ሳምንት ውስጥ የእድሩ መዝገብ አንድም ንጉሡ ሠ፣ አንድም ሐመሩ ሐ፣ አንድም ፀሐዩ ፀ የሌለበት ሆኗል።

በነዚያው ቀናት አንዲት አባል አርፈው ነበር። የኀዘን ማስታወቂያው የታተመው ስሙ ከመዝገቡ ላይ ተወስዶ ነው። ልጃቸው ለቅሶ ላይ እትዬን ወደ ጎን ጠርታ በዝግታ «የእናቴ ስም በንጉሡ ነበር» ብላቸዋለች። ሌላ ነገር አልተናገረችም። እትዬም ለእኔ የነገሩኝ ከርሰሩን አስተካክዬ ፕሮግራሙን ይዤ ስሄድ ነው። እንግዲህ የከርሰሩ ስህተት ባይኖር ኖሮ ማንም አይጠይቅም፣ እኔም አልጠይቅም፣ ለውጡ ዝም ብሎ ይቀጥል ነበር።

ከርሰሩን የሚያስተካክሉትን ሁለት መስመሮች በመጨረሻ አልተጠቀምኩባቸውም። የመለወጫውን ኮድ ከሁለቱም ሳጥኖች ላይ አነሳሁት። ስም እንደተጻፈ ይቀመጣል፤ አጠገቡ የማይታይ የፍለጋ ዓምድ አለ፤ የሚለወጠው እሱ ብቻ ነው። የሚፈልገው ሰው የጻፈውም ከበስተጀርባ ተለውጦ ከዚያ ዓምድ ጋር ይመሳከራል።

እስካሁን የነገርኳችሁ አማርኛ የመሰለ፣ አማርኛ ያልሆነ ችግር ነው። ሌላም ተመሳሳይ ላክል፤ ከወጣቶች ብዙ ጊዜ የምሰማው ነው። በኪዩት የተጻፈ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ ሲሄድ፣ የተጻፈውን ለመቆጣጠር ኪ ፕሬስ ኢቨንት ላይ ያደረጉት ማጣሪያ እንግሊዝኛውን ይይዛል፣ አማርኛውን ግን አያየውም። ምክንያቱ በአይባስ በኩል የሚመጣ ጽሑፍ እንደ ቁልፍ መጫን ሳይሆን በሌላ በር፣ ኢንፑት ሜተድ ኢቨንት በሚባለው መግባቱ ነው። መጀመሪያ ያልተጠናቀቀው ጽሑፍ ይመጣል፣ ከዚያ የተጠናቀቀው። ይህን «አማርኛ አይጣራም» ብላችሁ ብትፈልጉ ምንም አታገኙም። «ኢንፑት ሜተድ» ብላችሁ ብትፈልጉ ግን ጃፓንኛና ቻይንኛ የሚጽፉ ሰዎች ከብዙ ዓመት በፊት ተጨንቀው የተዉላችሁን መልስ ታገኛላችሁ። ቁልፉን ትታችሁ የጽሑፉን መለወጥ የሚያሳውቀውን ሲግናል ያዙ።

የቀን መቁጠሪያ ነገር ደግሞ የእኛው የብቻችን ይመስላል። የዶትኔት ቀን መምረጫ ጳጉሜን አያውቅም፤ በውስጡ ካሉት የዘመን አቆጣጠሮች መካከል የኢትዮጵያ የለም። ግን አይሲዩ የሚባለው ላይብረሪ ውስጥ አለ። ዶትኔት ላይ ኖዳ ታይም የሚባለው ላይብረሪ ደግሞ የኮፕቲክ አቆጣጠር አለው፤ ወሮቹ እንደኛው 13 ናቸው፣ የዓመቱ ቁጥር ብቻ በ276 ይለያል። ስለዚህ እዚህም ቢሆን «13 ወር ያለው አቆጣጠር» ብሎ የጠየቀ «የኢትዮጵያ ካላንደር» ብሎ ከጠየቀው ቶሎ ይረዳል።

በላቲን ሞክራችሁ ያልተደገመ፣ በጃፓንኛም በአረብኛም ያልታየ፣ በእኛ ፊደል ላይ ብቻ የሚከሰት ነገር ካገኛችሁ፣ ያን ጊዜ በእርግጥ የአማርኛ ችግር ነው። ይህ ለመሣሪያው ሠሪዎች በቀጥታ ሪፖርት መደረግ ያለበት ነው። ያንኑ ትንሽ ኮድ፣ የፊደሎቹን ቁጥር፣ ሊሆን የሚገባውንና የሆነውን ጎን ለጎን ሥዕል አድርጋችሁ ላኩ። እኛ ካልላክን ማንም አይልክልንም።

ሥዕል ካልኩ አይቀር፣ ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ቴሌግራም ላይ «ይሄ ምንድን ነው?» የምትሉ ልጆች፣ እባካችሁ። ፎቶው ውስጥ ያለውን የስህተት መልእክት ኮፒ ማድረግ ያስቸግራል፤ ግማሹ ደግሞ በመስኮቱ ነጸብራቅ ተሸፍኗል። መልእክቱን በጽሑፍ አስቀምጡት። ለሚወያይ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ስትጠይቁም ነገሩ ያው ነው። «አማርኛ አይሠራም» ስትሉት እሱም ስለ ፎንት ሊያወራላችሁ ይችላል፤ 18 መስመሩን ስትሰጡት ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ደግሞም የሰጣችሁን ሳታስኬዱ አትመኑ።

መዝገቡን የማስተካከሉ ሥራ ከኮዱ በላይ ጊዜ ወሰደ። የተለወጡትን ስሞች በፕሮግራም መመለስ አይቻልም፤ ሰ ከሆነ በኋላ ድሮ ሠ ይሁን ሰ ማሽኑ አያውቅም። ሁለት እሑድ እትዬ ቤት ተቀምጠን ከደብተሩ ላይ አንድ በአንድ አመሳከርን። እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ደብተሩ ላይ ቡና የፈሰሰበት አንድ ገጽ ነበር፤ እዚያ ያሉትን ስሞች ማንበብ አልቻልንም። እትዬ ስልካቸውን አንስተው ለየባለቤቶቹ ደወሉ። ከጤናና ከልጆች ሰላምታ በኋላ ሁሉንም የጠየቁት ያንኑ ነው፦ «እስቲ ንገሩኝ፣ በሃሌታው ነው፣ በሐመሩ ነው ወይስ በብዙኃኑ?» ከመካከላቸው አንዱ፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው፣ ትንሽ አሰበና «ቆይ፣ እናቴን ልጠይቅና መልሼ ልደውል» አለ።